ከአራት በጎች አፍ የተቀዳ

ጥቅምት 8

ለጩሉሌው ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? እማዬስ? ወገቧ እንዴት ሆነላት? እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው የሚገርፈኝ። የላብራቶሪው ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ማሞቂያዋ ደግሞ እንደ አንተ ናት፣ ድምፅ እንጂ ሥራ የላትም።

ከበጎቹ ጨጓራ የቀዳችሁልኝ ፈሳሽ ያለበት የበረዶ ሣጥን ከነብልቃጦቹ ደርሶኛል። የአውቶቡሱ ሹፌር "እህቴ፣ ይሄ ነገር በሸተተ ቁጥር ተሳፋሪው ዞሮ የሚያየው እኔን ነው" ብሎ አማረረብኝ። እባክህ ክዳኑን በፕላስተር ጥብቅ አድርግልኝ፤ ሰውዬው ካኮረፈን አለቀልን።

"በግ የበላው ሁሉ ሆዱ ከገባ በኋላ ያው አንድ ሾርባ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?" ላልከኝ፣ ቁጭ ብለህ ስማ። በግ ቅጠሉን ራሱ አይደለም የሚፈጨው። ጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ የሚያብላሉለት እነሱ ናቸው፣ እሱ የሚኖረው እነሱ ባብላሉት ነው። ቅጠልና ድርቆሽ ሲበላ የኮምጣጤው አሲድ ይበዛል፤ ነገሩ በዝግታ ይብላላል፣ በጉም ረጋ ብሎ ያመሰኳል። እህል ሲበላ ግን ሌሎቹ ነፍሳት ይሠለጥናሉ፣ ሌላ አሲድ ይበዛል፣ ጨጓራው ይጎመዝዛል። ከመጠን ካለፈማ በጉ ተዘርሮ ታገኘዋለህ። ስለዚህ እኔ እዚህ ብልቃጧን ስከፍት እናንተ እዚያ ምን እንዳበላችሁ አውቃለሁ። አንድ ጣሳ በቆሎ ደብቀህ ብትሰጣቸው ሆዳቸው ይነግርብሃል። ሰው ነው እንጂ ሆዱ የማይናገረው።

ደግሞ ለምን የእኛ በጎች ብቻ ብለሃል። እማዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህል ሳታቀምስ፣ በዚያ ማንም በማይፈልገው የቁጥቋጦ ቅጠል ያራባቻቸው ስለሆኑ ነዋ! እንደነሱ ያለ መንጋ አስተማሪዬም አላዩም። እስካሁን የላካችኋቸው ብልቃጦች ልክ እንደ ጠበቅኩት ናቸው፤ እንደውም ከጠበቅኩት በላይ። ወር በገባ ቁጥር የአራቱም በጎች ሆድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አስተማሪዬ ትናንት ምን አሉኝ መሰለህ? "ይሄ እስከ መጨረሻው ከያዘልሽ የእናትሽን መንጋ ይዘን ማራቢያ እንከፍታለን፤ ኃላፊዋም አንቺ ትሆኛለሽ።" ገብቶሃል? ተምሬ ተምሬ የሰው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላገላብጥ አይደለም። ወደ ቤቴ፣ ወደ በጎቻችን ልመለስ ነው።

ቱቦውን በበጉ አፍ ወደ ጨጓራው ስታስገባ አፉን እማዬ ትያዝልህ። አንተ ትቸኩላለህ፤ ስትቸኩል ምራቁ ይገባበትና ልኬቱን ያበላሽብኛል። ያቺ ቀበጧ በግ ወለደች ወይ? የጠየቅኩህን ትተህ ያልጠየቅኩህን ነው የምትጽፍልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

እህትህ


ኅዳር 21

ለእትዬ፣ ለቤታችን ዶክተር፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አለን። መልስ በማዘግየቴ አትቆጪኝ፤ ብትቆጪኝም እዚያ ሆነሽ ነው፣ አይደርስብኝም።

የጠየቅሽኝን በሙሉ እመልሳለሁ፣ ያልጠየቅሽኝን አልነካም። ቀበጧ ወልዳለች። መንታ! አንዱ ቁርጥ እሷን ነው፣ ከአሁኑ እጅ ይነክሳል። የበረቱን ጣሪያ አሠርተናል፤ አሁን ዝናብ ቢመጣ አንሰጋም። አውራው በግም ሰላም ነው፤ አንቺ ያሰርሽለት ገመድ አሁንም አንገቱ ላይ አለ።

በኋለኛው ደብዳቤሽ ለእረፍት ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ምን ያደርግልሻል? አትምጪ። ድልድዩ ተሰብሮ መኪናው በሌላ በኩል ነው የሚዞረው፤ እረፍትሽን መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ። ፎቶ ላኩልኝ ላልሽውም ፎቶ አንሺው ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ሲመለስ እናስነሳቸዋለን፣ ጎን ለጎን አሰልፈን።

እማዬ ለምን በእጇ አንድ መስመር አትጽፍልኝም ብለሽ ተቀይመሻል አሉ። (አሉ ማለቴ እኔው ነኝ ያነበብኩላት።) "እኔ ምን እጽፋለሁ? የምልክላት ብልቃጥ ደብዳቤዬ ነው በላት" አለችኝ። ወገቧ ትንሽ ጠንቶባታል። አዳልጧት ነበር፤ ከባድ አይደለም፣ አትጨነቂ። ለጥቂት ጊዜ ብልቃጡን የምቀዳው እኔ ብቻዬን ነኝ። እየተጠነቀቅኩ ነው።

አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። ዲግሪው መቼ ነው የሚሰጥሽ? ሲሰጥሽስ እዚያው የሚቀጥርሽ የለም ወይ? "በሯ ላይ ስሟ ይጻፍላታል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" አለች። ጠይቄያለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 14

ጩሉሌዬ፤

ቆይ፣ መጀመሪያ ደስታዬን ልንገርህና ከዚያ እቆጣሃለሁ።

ጥናቴ ቀረበ! አስተማሪዎቹ ሁሉ፣ ከሌላ ቦታ የመጡትም ጭምር በተሰበሰቡበት አዳራሽ ቆሜ ተናገርኩ። ድምፄ አልከዳኝም። ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለውን አሳየኋቸው፤ አራት በጎች፣ ወር በወር፣ በዚያ ደረቅ ቅጠል ላይ ሆነው ሆዳቸው እንዴት እንደ ረጋ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ተነሥተው "እንዲህ ያለ ንጹሕ ውጤት በሥራ ዘመኔ አላየሁም" አሉ። መጨረሻ ላይ እማዬን አመሰገንኩ። በስሟ ጠርቼ፣ "በጎቹንም እኔንም ያሳደገች" አልኩ። አጨበጨቡላት። ይሄን አንብብላት፣ እያየሃት አንብብላት።

በሯ ላይ ስሟ ይጻፋል ወይ ላለችው፣ ሳቄ ነው የመጣው። የእኔ በር የበረቱ በር ነው በላት፤ ከፈለገች በከሰል ትጻፍልኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የመጨረሻው ሣጥን ምንድነው? ከአራቱ ብልቃጥ ሁለቱን ስከፍት ሽታው ራሱ ሌላ ነው። ለካሁት፤ ጎምዝዟል። ያ የእህሉ አሲድ ከፍ ብሏል። ማጣሪያው ጨርቅ ላይ የቀረውን ሳገላብጥ ደግሞ የበቆሎ ፍርፋሪ! እውነቱን ንገረኝ፣ አልጣላህም፤ አዝነህላቸው ነው? ቀበጧ በዚያ ዓይኗ አይታህ ሆድህ ባባ? እንዲህ ያለ ርኅራኄ ይቅርብኝ። አንድ ጊዜ ከሆነ ይህን ሣጥን ጥዬ እቀጥላለሁ። ብቻ ንገረኝ።

እህትህ


ጥር 27

እትዬ፤

በጣም ይቅርታ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጎረቤቱ በቆሎ ተከምሮ ነበርና በሩን ስረሳው ገቡበት። በዱላ ነው ያስወጣኋቸው። በጎቹም ይቅርታ ይጠይቁሻል፤ ቀበጧ ግን አልተጸጸተችም።

ያጨበጨቡላትን አነበብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ደስታ ይሆናል።

አዲስ ሣጥን ልኬያለሁ። ይሄኛው ንጹሕ ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 19

ሰላምታውን ዛሬ ተወው።

"ንጹሕ ነው" ያልከኝን ሣጥን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ብልቃጥ ከባዶ ሆድ የተቀዳ ነው፤ ምንም ሳይቀምስ የዋለና ያደረ በግ። ሁለተኛው ፋጉሎና ፉርሽካ ሲጠቀጠቅ የከረመ ድልብ ነው። ሦስተኛው እርጥብ ሣር የጠገበ ነው፤ በዚህ በጋ እርጥብ ሣር ከየት መጣ? አራተኛው በቆሎ ብቻ። አንድ በረት የሚያድሩ፣ አንድ ቁጥቋጦ የሚግጡ አራት በጎች ናቸው እነዚህ? እኔ እኮ እነዚያን አራቱን አውቃቸዋለሁ! ሆዳቸውን ከእጄ መዳፍ ይበልጥ አውቀዋለሁ። እነዚህ የማላውቃቸው ናቸው።

በቆሎው ክምር ውስጥ ገቡ አልከኝ፣ እሺ ብዬ አመንኩ። እንዴ! ስታስበኝ ይሄን ያህል ቂል ነኝ?

ሹፌሩን ያዝኩት። "ይሄን ሣጥን የምትረከበው ከየት ነው?" አልኩት። "ከከተማው ቄራ በር ላይ ነዋ፣ ወንድምሽ እዚያ ይጠብቀኛል" አለኝ፤ እንደ ዋዛ፣ የማውቀው መስሎት። ከቄራ! ከታረደ በግ ሆድ ነው የምትቀዳልኝ?

በጎቻችን የት ናቸው?

ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። በሌሉ በጎች ስም ይቅርታ የምትጠይቀኝ ሰው የእማዬንም ሰላምታ ከኪስህ እያወጣህ አለመሆንህን በምን ልወቅ? ፊቷን አዙራ ተኛች አልከኝ። ጽሑፏን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። እማዬ አለች ወይስ የለችም? በአንድ ቃል መልስልኝ። ሆድ ይፍጀው ብለህ እንዳትይዘው፣ አፈር ስሆን።

ከየትኛው ሣጥን ጀምሮ እንደዋሸኸኝም ንገረኝ። እስከ ኅዳር ያሉት ንጹሕ ናቸው፤ ቁጥሩ ይናገራል። የእነሱን ያህል እንኳ ላድን።


መጋቢት 4

እትዬ፤

እማዬ አለች። በሕይወት አለች፤ ከጎኔ ተቀምጣ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ጻፍ ያለችኝም ራሷ ናት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ማመኑ የአንቺ ነው።

በጎቹ የሉም። አንድም አልቀረም። የተሸጡት አምና ግንቦት ነው።

እኔ አይደለሁም የሸጥኳቸው፣ እሷ ናት። በጋ ላይ "ስጨርስ ወደ በጎቻችን እመለሳለሁ" ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብላት ጀምራ ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ዕድሜዬን በበጎች በጠጥ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። የሷንም ልቅበር? በጎቹ ካሉ ትመለሳለች። ከሌሉ እዚያው ሰው ትሆናለች" አለች። አንድ የበግ ነጋዴ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራች እሷው አስገባቻቸው፤ ሌላ ሰው ሲጠራቸው እምቢ አሉ። ቀበጧ የት እንደ ወለደች፣ መውለዷንም አላውቅም። ቤቱንም ለቀን ከተማ ገብተናል፤ ከፀጉር አስተካካዩ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። እኔ በረዶ ፋብሪካው ሥራ ይዣለሁ። የበረቱ ጣሪያ፣ ድልድዩ፣ ፎቶ አንሺው... ሁሉም የኔ ፈጠራ ነው። ደስ እንዲልሽ እያልኩ እየጨመርኩ ሄድኩ።

እስከ ኅዳር ያሉት ንጹሕ ናቸው ላልሽው፣ እዚህ ላይ ነው ምን ይዋጠኝ ያልኩት። እነሱም ከቄራ ናቸው። ከሰኔ ጀምሮ ያለው ሁሉ።

"ዲግሪዋን ሳትጨርስ ብልቃጡ መቋረጥ የለበትም" ብላ በየጊዜው ቄራ ትሄድ ነበር። አራጆቹ ሆዱን ሲከፍቱ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ጎንበስ ብላ ታሸታለች። እህል የሸተታትን "ይሄን እለፉት"፣ የጋጠ ሣር የሸተታትንም "ይሄንንም እለፉት" ትላለች። ከተራራ የመጣ፣ ቅጠል ብቻ የበላ በግ ሲገኝ ነው የምትቀዳው። ካልተገኘ በማግስቱ ተመልሳ ትሄዳለች። እዚያ እርጥብ ወለል ላይ ነው አዳልጧት የወደቀችው። ከዚያ በኋላ እኔ ተተካሁ፤ እኔ ደግሞ አፍንጫ የለኝም፣ የተከፈተውን ሆድ ሁሉ ቀዳሁ። አንቺም ያወቅሽብን ያኔ ነው።

ልከላከል አይደለም። አንዴ "ተይ፣ እንንገራት" ብያታለሁ፣ ዝም በል አለችኝ፣ ዝም አልኩ። ደግሞ አሁን ልዋሽሽ አልችልምና፣ በጎቹ ሲሄዱ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ሄደሽ ሽታው ከእኔ ጋር ነው የቀረው።

እሷ እንዲህ በላት ብላኛለች፦ "የመረጥኩልሽ እኮ እውነተኛ ቅጠል የበላ በግ ነው። ምኑ ነው ውሸቱ? የወንድምሽን የመጨረሻዎቹን ጣያቸው፣ የእኔዎቹን ግን ያዢ። ሽበታሙም አጨብጭበውልሻል። ማን ያውቃል?"

ማንም አያውቅም፣ እትዬ። እኛ ሦስታችን ብቻ ነን።

ወንድምሽ


ግንቦት 11

ወንድሜ፤

ሁለት ደብዳቤ ልከህ መልስ ነፍጌሃለሁ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ስድብ ብቻ እየመጣብኝ ነው የተውኩት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

ይሄኛው ለእማዬ ነው። አንተ አንብብላት፤ የሚያማትን ዘለህ እንዳታነብ። አሁን እንኳ አንድ ጊዜ የተጻፈውን አንብብ።

እማዬ፤ ምኑ ነው ውሸቱ ብለሻል። እነግርሻለሁ። እኔ አራት በጎች ከወር ወር ምን እንደሚሆኑ ነበር የምጠይቀው፤ አንቺ በየጊዜው ሌላ የሞተ በግ ላክሽልኝ። ይሄ አንድ። ሁለተኛው ይብሳል። ልጅሽ ምን ማየት እንደምትፈልግ ታውቂያለሽ፤ እያሸተትሽ እሱኑ መረጥሽልኝ። ያልሆነውን ሁሉ አልፈሽ፣ የሚስማማኝን ብቻ ቀዳሽልኝ። ለዚህ ነው እንደዚያ ንጹሕ የሆነው! በሥራ ዘመኔ አላየሁም ያሉት ሰውዬ ያዩት የበግ ሆድ አልነበረም፤ የእናቴን አፍንጫ ነው። እኔም አዳራሽ መሐል ቆሜ ያሸበሸብኩት ለእሱ ነው፤ ያውም ስምሽን ጠርቼ፣ አስጨብጭቤልሽ። ያን ጊዜ አንቺ በጎቹን ከሸጥሽ ስንት ወር አልፎሽ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ፣ ስለ ሌላ ሰው እናት ይመስለኝ ነበር። ሌባ ቢወስዳቸው አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። ይሄ አይወጣልኝም። ከዳሽኝ፣ እማዬ። ስምሽን በደስታ የጠራሁበትን አፌን አሳፈርሽው። ለአንቺው ብዬ ነው እንዳትይኝ፤ ለእኔ ከሆነ ለምን አልጠየቅሽኝም? ለበጎቹ የሚያስፈልጋቸውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሺ። እኔ ግን አፍ አለኝ።

ያዢው፣ ማን ያውቃል ላልሽው፣ አልያዝኩትም። ለአስተማሪዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የወንድሜን ደብዳቤ በእጃቸው ሰጠሁ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ "የመጀመሪያዎቹን እንኳ ብትተዪያቸው ማንም..." ብለው ጀመሩና ራሳቸው አቋረጡት። ሥራው ተሰርዟል። አዳራሽ ለነበሩት ሁሉ "ውጤቱ የበጎቻችን አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። ለአንዳቸው ከጻፍኩ በኋላ የሌሎቹ ቀለለኝ። ትምህርት ቤቱ ቦታዬን ለሌላ ሰጥቷል፤ ማራቢያውም ቀርቷል፣ ምን ይዘው ይከፍታሉ?

ወንድሜ "ብትነግሪያቸው ይቅር ይሉሻል ወይ" ብሎ ለጠየቀው፣ ይቅር ብለውኛል። ይቅርታ ግን ሥራ አይሆንም።

ቤት ልመጣ አስቤ ነበር። ከዚያ ወዴት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባ ሦስታችን ተቀምጠን ምን እናወራለን? አልመጣም፣ እማዬ። የፈለግሽው ሆኖልሻል፤ እዚሁ ቀርቻለሁ።

ባለፈው በላክሽው ደብዳቤ "ሥራ አገኘች ወይ? ምን ዓይነት ነው?" ብለሽ አስጽፈሻል። አግኝቻለሁ። አስተማሪዬ አዝነውልኝ ለበግ ምርምር ጣቢያው ኃላፊ ነግረውልኝ ነው። ሌላ ተማሪ አለ፣ አዲስ የመጣ፤ እሱ በጎቹን ይመረምራል። እኔ ጠዋት አካፋና ባሊ ይዤ እገባለሁ። በጠጡን እዝቃለሁ፣ ገንዳውን አጥባለሁ፣ እሱ ቱቦውን ሲያስገባ አፋቸውን የምይዝለት እኔ ነኝ። እጅሽ ጥሩ ነው ይለኛል። ከማን ተማርሽው ብሎ ጠየቀኝ፣ አልነገርኩትም።

ልጄ በግ ጠባቂ እንዳትሆን ብለሽ ነው የሸጥሻቸው። ሆኛለሁ፣ እማዬ። የሰው በግ።